ዝም ያልኩባት ጓደኛዬ

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ዓምድሽን ለረጅም ጊዜ ሳነብ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የካሊድ ሆሴኒን «ዘ ካይት ረነር» አዋሰችኝ። ሳታነቢው አትቀሪም፤ ለሌሎች አንባቢዎችሽ ግን በአጭሩ ልናገር። ካቡል ውስጥ አብረው ያደጉ የሁለት ልጆች ታሪክ ነው። አሚር የሀብታም ልጅ ነው፣ ሐሰን ደግሞ የቤቱ አገልጋይ ልጅ። ሐሰን ለአሚር የማይሆነው ነገር የለም። አንድ ቀን ሐሰን ላይ አስከፊ ጥቃት ሲደርስበት አሚር ተደብቆ አየና ጥሎት ሮጠ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት ሲከብደው የልደት ስጦታ ያገኘውን የእጅ ሰዓትና ገንዘብ ሐሰን ፍራሽ ሥር ደብቆ ሌባ አስባለው። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ከደንኩት። ወጥ ቤት ሄጄ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ባለቤቴ መጥቶ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል።

እኔም አሚር ነኝ እህቴ።

14 ዓመቴ ነበር፣ ስምንተኛ ክፍል። ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተለያይተን አናውቅም። በቤታችንና በቤታቸው መሀል ያለው አጥር ቀዳዳ ነበረው፣ በዚያ እየሾለክን ነው ያደግነው። ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው። በዓመቱ መጨረሻ ክፍላችን ለአንዲት አስተማሪያችን የስንብት ስጦታ መግዣ ገንዘብ አዋጣ። የምይዘው እኔ ነበርኩ። እመልሰዋለሁ ብዬ ትንሽ ወሰድኩ። ከዚያ ደገምኩ። ምን እንደገዛሁበት እንኳ አሁን አላስታውስም። ቀኑ ሲደርስ ግማሹ የለም። የክፍል ኃላፊያችን «ቦርሳሽን ማን ይነካል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አጠገቤ የምትቀመጠው እሷ ናት» አልኩ። ሰረቀች አላልኩም። ይቺን ብቻ ነው ያልኩት፣ ሌላው በራሱ ሄደ። ኑሯቸው ከኛ ያነሰ ስለነበር የተጠራጠረ ሰው እንኳ አልነበረም። አስነስቶ ሲጠይቃት ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፋች። አልሰረቅኩም አላለችም። እሷ ናትም አላለችም።

ገንዘቡን እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ከፈለች። እኔ በማግስቱ ዴስክ ቀየርኩ። ለእናቴም «ሌባ ናት አሉ» ብዬ ነገርኳት። እናቴ የአጥሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ አስመታችው። ትምህርት እንደተዘጋ እነሱም ሰፈር ለቀው ሄዱ።

አሁን 38 ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ፌስቡክ ላይ አገኘኋት። ሁለት ልጆች አሏት፣ ፈገግታዋ አልተቀየረም። መልእክት እጽፍና አጠፋዋለሁ፣ እጽፍና አጠፋዋለሁ። ባለቤቴ «የተቀበረ አትቆፍሪ፣ እሷም ረስታዋለች፣ አንቺም ልጅ ነበርሽ» ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልጻፍላት? ወይስ ምንም ሳልናገር ልጆቿን በገንዘብ የምረዳበት መንገድ ልፈልግ? ይቅር የምትለኝ ይመስልሻል?

ስሜ ይቆይ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ ነው። ገንዘቡ ጋ አይደለም፣ ቆርቆሮው ጋም አይደለም። «ዞር ብላ አየችኝ» ያልሽው ጋ ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ያ አስተያየቷ ምን ይል ነበር? ከሷ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ግን ከሩቅ ሆኜ ሳስበው፣ ጓደኛሽ ታውቅ ነበር ባይ ነኝ። ቦርሳሽን እንዳልነካች ራሷ ታውቃለች። ገንዘቡ አንቺ እጅ ነው የነበረው። በዚያ ሰሞን አዲስ ነገር ይዘሽ ከመጣሽም ከሷ አያመልጥም፤ አንድ ዴስክ የሚጋሩ ልጆች አንዳቸው ከሌላቸው የሚደብቁት ነገር የለም።

መጽሐፉም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ። የአሚር አባት ሐሰንን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሰረቅህ ወይ ሲለው፣ ልጁ አዎ አለ። ያልሰረቀውን። አሚር ሐሰን ሁሉን እንደሚያውቅ የገባው ያኔ ነው፤ የሰዓቱን ነገር ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ክፉ ቀን ቆሞ አይቶት ጥሎት እንደሮጠም ጭምር። እያወቀ ነው የሸፈነለት። ያንቺም ጓደኛ እንዲሁ አድርጋለች ብዬ መደምደም አልችልም። ደንግጣ ቃል አጥታ ይሆናል። ማን ያምነኛል ብላም ይሆናል። አንቺን ማጋለጥ ከብዷትም ሊሆን ይችላል። የ14 ዓመት ልጅ ናት፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሊሰማት ይችላል።

ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። መልእክቱን እየጻፍሽ የምታጠፊው አንድ አስደንጋጭ ምስጢር የምትነግሪያት መስሎሽ ከሆነ፣ ላይሆን ይችላል። ገንዘቡን ማን እንደወሰደው ሳታውቅ አልቀረችም። የማታውቀው አንቺ እንዳልረሳሽው ነው።

ባለቤትሽ ክፉ አልመከረሽም። ሌሊት ስትገላበጪ የሚያይሽ እሱ ነው፣ እንድታርፊለት ስለሚፈልግ ነው የሚለው። ግን «ረስታዋለች» የሚለው ላይ አልስማማም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ደግሞ የወጋችውም አልረሳችም። በሌላ በኩል ደግሞ ጓደኛሽ በዚያ ቀን ሕይወቷ እንደተበላሸና እስከዛሬ እያለቀሰች እንደምትኖር አድርገሽ አትሳያት። አታውቂውም። ልጆች ወልዳ ታሳድጋለች፣ ትስቃለች፣ ያ ነገር ከብዙ ነገር አንዱ ሆኖላት ይሆናል። ስትጽፊላት የምትጽፊው ለዚያች አንገቷን ለደፋች ልጅ ሳይሆን ለ38 ዓመት ሴት መሆኑን አስቢ። የምትሰማው፣ የምትመዝነው፣ የምትመልሰው ወይም የማትመልሰው ይቺ ትልቅ ሰው ናት።

ልጅ ነበርሽ የሚለውስ? እውነት ነው፣ ልጅ ነበርሽ። አሚርም 12 ዓመቱ ነበር። ልጅነት ጥፋቱን አያጠፋውም፣ ልኩን ግን ያሳያል። ደሞ አንድ ነገር አትርሺ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ትልቅ ሰው ነበር። ሳያጣራ፣ ለብቻዋ ጠርቶ ሳያናግራት፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት አስነሳት። አንቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተናገርሽው፣ ቀሪውን መንገድ የጠረገው ድህነቷ ነው። በመጽሐፉም እንዲሁ ነው። ሐሰን ሀዛራ ከሚባለው፣ ሲናቅ ከኖረው የአፍጋኒስታን ብሔረሰብ ነው፣ አሚር ደግሞ የበላይ ከነበረው ከፓሽቱን። በዚያ ዘመን ካቡል ውስጥ የሀዛራን ልጅ ማዋረድ ቀላል ነበር፣ ተዋረደ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ክህደቱ የአሚር ነው፤ ያን ያህል ቀላል ያደረገለት ግን አገር ምድሩ ነው። ይሄን የምልሽ ጥፋትሽን ለሌላ እንድታካፍዪ አይደለም። ያንቺን ድርሻ ብቻ እንድትሸከሚ ነው፣ የሌላውን ደርበሽ ከተሸከምሽ ቀና ብለሽ ልታናግሪያት አትችይም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ጋ ልምጣ። በማግስቱ ዴስክ ቀየርኩ ብለሻል። ለምን ይመስልሻል? ጠልተሻት አይደለም። አጠገቧ መቀመጥ ስላቃተሽ ነው። አሚርም ያደረገው ይሄንኑ ነው። አንድ ቀን ሐሰንን ኮረብታው ላይ ይዞት ይወጣና የሮማን ፍሬ እያነሳ ይወረውርበታል። ምታኝ፣ መልሰህ ምታኝ ይለዋል። ሐሰን ልብሱ በቀይ ጭማቂ ተነክሮ ይቆማል እንጂ አይመታውም። መጨረሻ ላይ አንድ ሮማን ያነሳና የራሱ ግንባር ላይ ያፈርጠዋል። ከዚያ ዞሮ ቁልቁል ይሄዳል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የማልረሳው ይሄን ነው። አሚር ሐሰን እንዲመታው የፈለገው ቅጣቱን ተቀብሎ እንዲገላገል ነው። የተበደለውን ልጅ፣ ከበደሉ ሌላ ደግሞ እኔን የማሳረፍ ሥራም ሥራልኝ ማለቱ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ስትጽፊ ሮማን እንዳትወረውሪባት። «እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ይሄው ታምሜያለሁ፣ እባክሽ ይቅር በይኝ» ብለሽ ከጻፍሽ ልታጽናናሽ ትገደዳለች። ደግ ሴት ከሆነች ደግሞ ወዲያው «ኧረ ምንም አይደል» ትልሻለች፣ ከዚያ ለብቻዋ ቁጭ ብላ ታስበዋለች። ያንቺን እንባ ለባለቤትሽ፣ ለኔ፣ ለንስሐ አባትሽ፣ ለምታምኚው ሰው አልቅሺው። እንቅልፉ በዚሁ ከቀጠለም ባለሙያ አማካሪ ማነጋገር አያሳፍርም። ለሷ የምትጽፊው ግን ስለሷ ይሁን።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሳልናገር ልጆቿን ልርዳ ያልሽውን ተይው። ሐሳብሽ ቅን ነው፣ ግን ከየት እንደመጣ የማታውቀው ገንዘብ እሷ ጋ ሲደርስ ይቅርታ መሆኑን በምን ታውቃለች? ደግሞ ያኔም ነገሩ የተበላሸው በድብቅ ገንዘብ ነው። እናቷ የከፈለችው ግን ሌላ ነው። እሱ እርዳታ ሳይሆን ዕዳ ነው፣ ልብስ ታጥቦበታል። በሩን ከከፈተችልሽ፣ ሳታድበሰብሺ ንገሪያትና እንዴት መመለስ እንደምትፈልጊ ጠይቂያት። አልፈልግም ካለች አትጎትቻት።

ከሁሉ በፊት ግን የወሰድሽባት ዋናው ነገር ምን ነበር? ስሟ ነው። የአሚር አባት ኃጢአት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስርቆት ነው የሚል ሰው ነበር፤ የሚዋሽ ሰውም የሌላውን እውነት የማወቅ መብት ይሰርቃል ብሎ ነው ልጁን ያስተማረው። በኋላ እሱ ራሱ ትልቅ እውነት ከልጁ ደብቆ እንደኖረ ይወጣል፣ እሱን ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም፣ አንብበሽዋል። በዚህ ሚዛን ብናየው አንቺ የሰረቅሽው ከብዙ ሰው ነው። ከአስተማሪው፣ ከክፍል ጓደኞቻችሁ፣ ከእናትሽ። እነዚህ ሰዎች እስከዛሬ አንዲት ንጹሕ ልጅን ሌባ አድርገው ነው የሚያስቧት፣ ካሰቧት።

እና እናትሽስ? በሕይወት ካለች የመጀመሪያው እርምጃ እዚያ ነው። ፌስቡክ ላይ አይደለም። «ሌባ ናት አሉ» ብለሽ የነገርሻት አንቺ ነሽ፤ አሉ የሚሏት ሰዎች ያሉት ደግሞ ካንቺ ሰምተው ነው። እናትሽ አምናሽ ቆርቆሮ አስመታች። ያን ውሸት ለማንሳት የማንንም ፈቃድ አትጠብቂም። ትቆጣሽ ይሆናል፣ ታፍርብሽ ይሆናል፣ «አሁን ይሄን ምን አመጣው?» ልትልሽም ትችላለች። ይሁን። ለክፍል ጓደኞቻችሁ ወይም ለአስተማሪው መንገርን ግን ለብቻሽ አትወስኚ። ነገሩን በዚያ ሰፈር እንደገና መቀስቀስ የምትፈልግ ላትሆን ትችላለች። እሱን እሷ ትወስን።

ከዚያ ጻፊላት። አዎ፣ ጻፊላት ነው የምልሽ። ለምን ዝም በይ እንዳላልኩሽ ልንገርሽ። አሚር ለመናገር 26 ዓመት ጊዜ ነበረው። ነገሩ የሆነው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፣ የአባቱ ጓደኛ ደውሎ የጠራው ደግሞ በ2001። ከአሜሪካ ተነስቶ ፓኪስታን፣ ፔሻዋር ከተማ ሲደርስ የሐሰን ደብዳቤ ተሰጠው፣ ፎቶም አብሮ አለ። ልጅ እያሉ ማንበብ የማይችለው ሐሰን፣ ሮማኑ ዛፍ ሥር አሚር ተረት እያነበበለት ያደገው ሐሰን፣ ካደገ በኋላ ማንበብና መጻፍ ተምሮ ለአሚር ደብዳቤ ጽፎለታል። አሚር ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ግን ሐሰን የለም። እሱና ሚስቱ በታሊባን ተገድለዋል። መልስ የሚጻፍለት ሰው የለም። ያንቺ ጓደኛ ግን አለች። ስልኳ ይሠራል። ፈገግታዋን ባለፈው ሳምንት አይተሽዋል።

መልእክቱ አጭር ይሁን። ስልኳን ልጆቿ ሊያነሱት እንደሚችሉም አስቢ፤ ስለዚህ የሚያነበው ማንም ቢሆን ጥፋቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይረዳ። «ስለዚያ ነገር ላናግርሽ ፈልጌ ነበር» ብለሽ አታንጠልጥያት፣ ምን ይሆን እያለች እንዳትጨነቅ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍላታለሁ፤ ቃሉን በራስሽ ቀይሪው፦

«እኔ ነኝ፣ የጎረቤታችሁ ልጅ። ስምንተኛ ክፍል እያለን የጠፋውን ገንዘብ የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። ስጠየቅ ስምሽን ጠራሁ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እናትሽ ያልወሰድሽውን ከፍላለች። ለእናቴ እውነቱን ነግሬያታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁትም። ይቅርታ አድርጊልኝ። መልስ ለማግኘት ብዬ አይደለም የጻፍኩልሽ፤ ልትናገሪኝ የምትፈልጊው ነገር ካለ ግን በፈለግሽው ጊዜ እሰማሻለሁ።»

«ልጅ ነበርኩ» የሚለው እንደሌለበት አየሽ አይደል? እሱን ከፈለገች እሷ ትበለው።

ከዚያ ምን ይመጣል? አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ፌስቡክ ላይ ጓደኛዋ ያልሆነ ሰው የላከው መልእክት ተደብቆ ሊቀመጥ ስለሚችል ለሳምንታት ላታየው ትችላለች። አይታ ዝም ካለች ሁለተኛ አትጻፊ። አንዴ በቂ ነው፤ ዝምታም መልስ ነው፣ ለዝምታ ደግሞ ካንቺ የተሻለ መብት አላት። ከተቆጣች አንብቢው፣ አታስረጂ፣ «ግን እኮ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው። «ረስቼዋለሁ» ካለችሽም እመኛት፣ ቁስሏን ካላሳየሽኝ ብለሽ አትነካኪ። ልታገኚኝ ትችያለሽ ካለችሽ ደግሞ ሂጂ፤ ግን እንደ ድሮው እንሁን፣ ከእንግዲህ አንለያይም ምናምን ብለሽ ቃል አትግቢ። አሚር ለሐሰን ልጅ ለሶህራብ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ አልመልስህም ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። ቃሉን መጠበቅ ሊያቅተው ሲል ልጁ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ከዚያ በኋላ ለወራት አንድ ቃል አልወጣውም። አንዳንድ አንባቢ አሚርን ያ ሐሰንን በልጅነቱ ያጠቃው ጨካኝ ሰው በኋላ ሲደበድበው ዕዳውን እንደከፈለ አድርጎ ያስባል፤ እሱ ራሱም እየተደበደበ ይስቃል፣ ቀለል ይለዋል። እኔ አይዋጥልኝም። መደብደብ ለሐሰን ምን ይጠቅመዋል? ለኔ አሚር የሚታየኝ በኋላ ነው፣ አሜሪካ፣ የማይናገር ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ፣ ነገ ይናገር ይሆን ሳይል በየቀኑ አብሮት ሲኖር። መጨረሻ ላይ መናፈሻው ውስጥ ካይት፣ ያን በክር የሚበር የወረቀት መጫወቻ ሲያበር ልጁ በአንድ በኩል ከንፈሩ ብቻ ፈገግ ይልለታል። ያቺን ታህል ናት ያገኘው። ያቺን ይዞ ነው፣ ሐሰን በልጅነቱ ለሱ ያደርግለት እንደነበረው፣ ካይት ሊያሳድድ የሮጠው።

ይቅር ትለኛለች ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልመልስልሽ አልችልም። እኔም ልጠይቅሽ፤ ስለሷ ከዚያ ቀን ሌላ ምን ታስታውሻለሽ? በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ራሷ የነገርሽኝ ስለ ቀዳዳው ብቻ ነው። በቀዳዳው መጀመሪያ የምትሾልከው ማናችሁ ነበራችሁ? ልብሷ አጥሩ ላይ ሲይዛት ማን ያላቅቃት ነበር? ምን ያስቃት ነበር? ማታ እንቅልፍ ሲያጣሽ ያንን ቀን ደግመሽ ደጋግመሽ ከምታዪው፣ ይሄን ወረቀት ላይ ጻፊው። ለማንም አይደለም። ምናልባት አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ስታወሩ እሷም የረሳችውን ታስታውሻት ይሆናል። ካላወራችሁም ያቺ ልጅ አንቺ ጋ ሌባ ከተባለችበት ቀን ውጪ ሌላ ቀንም ይኖራታል።

በዚህ ሳምንት እናትሽ ጋ ሂጂ። ባለቤትሽን አታስከትዪ፣ ብቻሽን ሂጂ። ስለ ቆርቆሮው ጀምሪላት፣ እሱን አትረሳውም። ከዚያ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።